ክራክ ላስደርገው ወይስ ይቅርብኝ? ስለ አንድ ፕሌይስቴሽን የተነሳ ሙግት

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳው የአራት ኪሎ ልጅ ነው። እህቱ ከዱባይ ፕሌይስቴሽን 4 ልካለታለች። ያገለገለ ነው፤ ግን ንጹህ። የሲስተም ሶፍትዌሩ ቁጥር 11.00 ይላል። ፒያሳ አካባቢ ጌም የሚጭን አንድ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ዓይኑ በራ። ኢንተርኔት እንዳታስነካው፣ ክራክ አድርጌ፣ ማለትም ቁልፉን ሰብሬ ያልተገዛ ጌም እንዲቀበል አድርጌ፣ ሃርድ ዲስኩን በጌም እሞላልሃለሁ አለው። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ተቃወመ። ማሽኑ ቢበላሽ እህታችንን ምን ልንላት ነው ባይ ነው። ልጁ መሃል ላይ ቆሞ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን የምታውቁ ምከሩኝ ብሎ በትህትና ጻፈ።

ከሠላሳ በላይ መልስ መጣ። አብዛኛው ለእሱ የተጻፈ አይደለም፤ እርስ በርስ የተወራወሩት ነው። ሙግቱ ስለጣመኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የተባለውን በራሴ አፍ ላውራላችሁ። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ይጀምራል። ልጁ ውሳኔ ላይ እስኪደርስ ማሽኑን ዋይፋይ ላይ እንዳያስገባው ይመክራል። አዲስ ዲስክም ሳያጣራ እንዳይከት ይነግረዋል፤ የሲስተሙን ቁጥር ከፍ አድርጎ ለክራክ በሩን የሚዘጋው አፕዴት ዲስኩ ውስጥ አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ይህችን ምክር ያዟት።

መልስ 2 አንድ መስመር ብቻ ነው። አስከፍተው፣ ምን ትጠብቃለህ ነው ነገሩ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ሂሳብ አወጣ። አዲስ ጌም 60 እና 70 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 70 ዶላር ከ7 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ለአንድ ጌም! ተማሪ ከየት አምጥቶ ይክፈል አለ።

መልስ 3 ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ጸሐፊው ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። ስርቆት ዋጋው ስለተወደደ ስርቆት መሆኑ አይቀርም አለ። ለሱቆች የሚሆን የሂሳብ ፕሮግራም ሠርቶ ለአንድ ነጋዴ ሸጦ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ያው ፕሮግራም በፍላሽ እየዞረ ሌሎች ሱቆች ውስጥ አገኘው። የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ ሀብታም ነው የምትሉ ሰዎች እኔን ስትዘርፉኝ ሀብታም መሆኔን አልጠየቃችሁም አለ። ቁጣው ይገባኛል። ግን ሌባ የምትለዋን ቃል ከወረወረ በኋላ ጨዋነቱ ከክርክሩ ወጣ።

መልስ 4 የጌም ቤት ባለቤት ነው። ለጥያቄው መልስ አልሰጠም፤ ቢሆንም ከሁሉም ያማረው ጽሑፍ የሱ ነው። ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ወሰደን። ያ ማሽን በ2000 ወጥቶ በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የእሱ ቤት ማሽኖች ግን ቺፕ የተበየደላቸው ነበሩ። ኮፒ ዲስክ ያነባሉ። ዲስኩ ይጫጫራል፣ ሌዘሩ ይደክማል፣ ማሽኑን ገልብጠው ወይ በጎኑ አቁመው ያጫውቱታል። ቆይቶ ብየዳው ቀረና በሚሞሪ ካርድ ብቻ መክፈት ተቻለ። ከዚያ ወዲህ ዲስክም አያስፈልግም፤ ጌሙ ከፍላሽ ወይ ከሃርድ ዲስክ ይነሳል። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። በዚያ ሁሉ ዘመን እሱ ቤት ኦሪጅናል ዲስክ ያየ ልጅ የለም። መልስ 3 ሌባ ያላቸው ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ በሰፈሩ ጆይስቲክ የጨበጠ ልጅ አይገኝም ነበር ብሎ ደመደመ።

መልስ 5 ስታዲየም አካባቢ ማሽን የሚጠግን ባለሙያ ነው። መልስ 2ንም መልስ 4ንም አረማቸው። ክራክ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት የሚመስለው ሰው ነው የሚከስረው አለ። የፕሌይስቴሽን 2 ቺፕ አንዴ ከተበየደ ተበየደ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ሁለት ዓይነት ነው። የቆዩት ሞዴሎች ሲስተማቸው ተቀይሮ እስከ ወዲያኛው ክፍት ይሆናሉ። የመጨረሻው ቀጭኑ ሞዴል ግን በተነሳ ቁጥር እንደገና መከፈት አለበት። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ሁሉም እንደዚያ ነው። 2024 ላይ ይፋ የሆነው የሶፍትዌር ቀዳዳ እስከ 11.00 ድረስ ያሉትን ይከፍታል። ላፕቶፕ ወይም ሌላ ትንሽ መሣሪያ በኔትወርክ ኬብል ይገናኘዋል። ፕሌይስቴሽኑ ኢንተርኔት ያገኘ መስሎት ሰላምታ ሲለዋወጥ በዚያች ቅጽበት ይገባበታል። አንዳንዴ በመጀመሪያው ሙከራ አይሳካም፤ ማሽኑ ይደርቅና እንደገና ይሞከራል።

ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ክራኩ የሚቀመጠው ጊዜያዊው ሚሞሪ ላይ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስታንድባይ ላይ ካስተኛኸው ይቆያል፤ ግን ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ነው። መብራት አንዴ ብልጭ ብሎ ቢሄድ የሞላኸው ጌም ሁሉ አልከፈትም ይልሃል። ኬብልህን ይዘህ ከሀ ትጀምራለህ። ባለሙያው ደንበኞቹ ተበላሸብን ብለው ታክሲ ተሳፍረው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው አለ። መልስ 2 ይህን ሳይናገር አስከፍተው ማለቱ ተገቢ አይደለም ብሎ በጨዋ ደንብ ገሠጸው። እኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ አይገርመኝም ነበር። የአዲስ አበባን መብራት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል?

አላለቀም። ከ6 እስከ 9 ያሉት ከጓደኛ ጋር ኦንላይን መጫወት ይቻላል ወይ በሚለው ተጠመዱ። አንዱ አይቻልም አለ፣ አንዱ ዘዴ አለው አለ። መልስ 9 ዘዴውን የሚያምኑ ሰዎች ታሪክ ያንብቡ ብሎ ተናገረ። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2009 የተነካኩ ኤክስቦክስ 360ዎችን ከኦንላይን በጅምላ አባርሯል። ቁጥራቸው እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ተዘግቧል። ኒንቴንዶም በ2025 ስዊች 2 በተባለው ማሽኑ ላይ ይህንኑ አድርጓል። እገዳው አካውንቱ ላይ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ብትሸጠው እገዳው ለገዢው ይተላለፋል። ይህቺን ነጥብ ማንም ልብ አላላትም፤ እኔ ግን ከቴክኒኩ ወሬ ሁሉ የምትበልጥ መስላ ታየችኝ።

መልስ 10 ታሪክ ተባለ እንዴ ብሎ የፕሌይስቴሽን 3ን ቁልፍ ይፋ ያደረገውን ጆርጅ ሆትዝን አመጣ። አንድ ወጣት ብቻውን ሶኒን አንበረከከ ብሎ በአድናቆት ጻፈ። መልስ 11 ይህን አልታገሰም። ሳታውቅ አትጻፍ ብሎ ጀመረና ነገሩን ከሥሩ አወጣው። ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሲስተም መጫን ይፈቀድ ነበር። ሶኒ በሚያዝያ 2010 በአፕዴት 3.21 ይህን ፈቃድ ከለከለ። ገዝቶ የያዘውን ነገር የተነጠቀ ሰው ተናደደ። በታኅሣሥ 2010 በርሊን ላይ ፌይል ኦቨርፍሎው የተባለው ቡድን የሶኒን ስህተት በአደባባይ አሳየ። ሶኒ ሶፍትዌሩ የራሱ መሆኑን ለማሳየት በሚፈርምበት ጊዜ ሁሉ መቀያየር የነበረበት የዕጣ ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ነበር። ከሁለት ፊርማ ተነስቶ ምስጢራዊውን ቁልፍ ማስላት ይቻል ነበር ማለት ነው። ሆትዝ በጥር 2011 የማሽኑን ዋና ቁልፍ ይፋ አደረገ፤ ሶኒ ከሰሰው፤ በሚያዝያ በስምምነት ተጨረሰ። ስለዚህ ብቻውን አይደለም፣ አንበርካኪም አይደለም አለ መልስ 11። በዚያው ሚያዝያ የ77 ሚሊዮን አካውንት መረጃ የተሰረቀበትና የሶኒ ኔትወርክ ለሦስት ሳምንት ያህል የተዘጋበት ጥቃትም ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ አትለጥፉበት ብሎ ጨመረ።

ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን የሰው ፊት ይጠብሳል። መልስ 10 ተቆጥቶ አዋቂ ነኝ ባይ አለው፤ ሌላው መለሰለት፤ ሁለቱም እናት አባት ሳይጠሩ አቆሙ፣ ተመስገን ነው። መሃላቸው የገባው መልስ 12 ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል 1,760 ፕሌይስቴሽን 3 አገጣጥሞ ሱፐር ኮምፒውተር ሠርቶ እንደነበር ነገራቸው። ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው ብሎ የጠየቀው ሰው መልስ አላገኘም። ሌላው ደግሞ ዊይ የተባለው የኒንቴንዶ ማሽን በ2008 የተከፈተው በአንድ ጌም ውስጥ ያለችን ፈረስ ስም ከልክ በላይ በማስረዘም ነው ሲል ጨመረ። ይህ እውነት ነው። በፈረስ ስም የተከፈተ በር በማንም ተረት ውስጥ አላውቅም። የመድረኩ አወያይ ገብቶ ልጁ የጠየቀው ስለ ፕሌይስቴሽን 4 ነው ብሎ አስታወሰ።

መልስ 15 ጠበቃ ነው። እንደ ጠበቃ ጻፈ፣ ማለትም ረጅም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በእኛም አገር በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ጌም ደግሞ ፕሮግራም ነው። በሕጋዊ መንገድ የገዛኸውን ለመጠባበቂያ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ቀድቶ በሃርድ ዲስክ መሸጥ ሌላ። አሜሪካም ውስጥ ነገሩ የተወሳሰበ ነው። ስልክን ጄልብሬክ ማድረግ፣ ማለትም የአምራቹን ገደብ ማንሳት፣ በ2010 ተፈቀደ፣ ጌም ማሽንን ግን በ2012 ከለከሉ። በ2021 የዲስክ ማንበቢያውን ለመጠገን ብቻ ጭላንጭል ከፈቱ። በ2022 ጋሪ ባውዘር የሚባል ሰው የስዊች መክፈቻ ይሸጥ በነበረ ቡድን ውስጥ በመሥራቱ 40 ወር ተፈረደበት። ስሙ የኒንቴንዶ ጌም ጀግና የሆነው የማሪዮ ጠላት ስም መሆኑ ዕድል ነው። ጠበቃው እንዳለው ኩባንያዎቹ የሚያሳድዱት ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጫወተውን ሳይሆን በዚህ የሚነግደውን ነው።

መልስ 16 ሳቀበት። እዚህ አገር ለጌም ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ካየህ ጥራኝ አለው። ጌም ጫኞቹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ነው የሚሠሩት አለ። ከዚያ ወሬው ፒያሳ ገባ። የትኛው ጌም ጫኝ? ዶሮ ማነቂያ የነበረው? እሱማ ሰፈሩ ሲፈርስ ሄደ። የት ሄደ? አንዱ ለሚ ኩራ አለ፣ አንዱ ሥራውን ትቷል አለ። ከዚያ በኋላ ያሉት መልሶች ስለ ጌም አይደሉም። በእሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ የነበረ ጌም ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሲቀሩ የሚደበቁበት፣ ያልከፈሉት ዱቤ። አወያዩ ይህን ዝም ብሎ አለፈው። ጥሩ አደረገ።

መልስ 20 የአንዲት እናት ናት። እስካሁን የጻፉት ሁሉ ወንዶችና ወጣቶች ይመስላሉ፤ እሳቸው ሲገቡ የመድረኩ ድምፅ ተቀየረ። ለልጃቸው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 በጌም የተሞላ ነው ተብለው ገዙ። ሻጩ ክራክ ነው አላላቸውም። ኢንተርኔት አታገናኙት ብሎ ብቻ ነበር የሰጣቸው፣ ለምን እንደሆነ ሳይናገር። ልጁ ግን አፕዴት የሚል ሲመጣ እሺ አለው። በማግስቱ አንድም ጌም አልከፈት አለ። የሻጩ ስልክ አይነሳም። ልጁ ሦስት ቀን ሲያለቅስ ሰነበተ፤ ማሽኑ ሞቷል ወይ ብለው ጠየቁ።

ባለሙያው በመልስ 21 እናቴ ብሎ ነው የጀመረው። ማሽኑ አልሞተም፣ እንዲያውም ጤነኛ ሆኗል አላቸው። ጌሞቹ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል፣ መክፈቻው ግን የለም። ወደ ቀድሞው ቁጥር በተለመደው መንገድ መመለስ አይቻልም። ያገለገለ ኦሪጅናል ዲስክ ይግዙለት፣ ሲሰለቸው ይሸጠዋል ወይ ይለውጠዋል አላቸው። መልስ 22 ጣልቃ ገብቶ ይህን የሚያደርጉት እንዳንተ ያሉት ናቸው ብሎ ባለሙያውን ዘለፈው። ባለሙያው እሱ ራሱ እንደሚከፍት አልካደም። ግን ሳይከፍት በፊት መብራቱን፣ ኦንላይኑን፣ አፕዴቱን ለባለቤቱ ዘርዝሮ ነግሮ ነው የሚነካው። ይህን ሰምቶ ይቅርብኝ ያለ ደንበኛ አለው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ሙግት የቀረልኝ ይኸው ነው። ሶኒ ተጎዳ አልተጎዳ የሚለው ላይ ብዙ አልጓጓም። የተከፈተ ማሽን ጥቅሙን የሚበላው የጫነውና የሸጠው ነው። ጉዳቱን የሚቀበለው ደግሞ ምን እንደገዛ ያልተነገረው ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ፣ ማለትም ያወቀ ሰው የራሱን ሲከፍት፣ እኔ ምንም አልለውም።

መልስ 23 ክርክሩን እንደገና አነሳው። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ላይ አካውንት ስትከፍት ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ሁላችንም አሜሪካ ወይ እንግሊዝ ነን ብለን እንመዘገባለን። በብር ካርድህ መክፈል አትችልም፤ ዘመድ የስጦታ ካርድ ቁጥር ይልክልሃል። ኦሪጅናል ግዙ የምትሉን እናንተም በሐሰት አድራሻ ነው የምትገዙት ብሎ መልስ 3ን ወጋው። ፕሮግራመሩ ተመልሶ መጣ። የሚገርመው ግማሹን ተቀበለው። ሱቁ በሩን ዘግቶብህ ሰረቅከኝ ማለት እንደማይችል ይገባኛል አለ። ይሁን እንጂ ዲስክ በር አያስፈልገውም፣ እዚህም ይሸጣል፣ ሰው ከውጭም ያመጣል አለ። ሌባ የምትለውን ቃል አልመለሰም፤ አልደገማትምም።

መልስ 25 ስለ ዲስክ ሲነሳ ሌላ ነገር አስታወሰ። ኒንቴንዶ በመጋቢት 2023 3ዲኤስና ዊይ ዩ የተባሉትን ማሽኖቹን የኦንላይን ሱቅ ዘግቷል። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። በዲስክ ያልወጣ ጌም ሱቁ ሲዘጋ የት ይገኛል? የተከፈቱ ማሽኖች ላይ ነው አለ። ብዙዎቻችሁ ፊልም የምታዩበት ኮዲ የተባለው ፕሮግራም እንኳን የተወለደው በተከፈተ ኤክስቦክስ ላይ ነው ብሎ ጨመረ። ይህ ከሁሉም የተሻለው የክራክ ጥብቅና ነው። ችግሩ ፒያሳ ላይ ማንም ለታሪክ ብሎ ጌም አይጭንም። ሁሉም የሚፈልገው የዘንድሮውን ኳስ ነው።

ከዚያ ጠያቂው ራሱ ብቅ አለ። ታናሽ ወንድሙ ከጓደኛው አዲስ የኳስ ጌም ዲስክ ተውሶ ከተተው። ማሽኑ አፕዴት ያስፈልጋል አለ፤ ታናሹ እሺ አለው። አሁን ቁጥሩ ከ11.00 አልፎ ሄዷል። ባለሙያው አዲሱን ቁጥር ጠይቆ፣ በእጁ ካሉት ቀዳዳዎች ሁሉ በላይ መሆኑን አረጋገጠለት። አንዳንዱ አዘነ፣ አንዳንዱ ሳቀ። መልስ 1 ነግሬህ ነበር አላለም፤ ሊል ይችል ነበር። ታላቅ ወንድሙ ግን ለታናሹ ጫማ ገዛለት አሉ።

ጥያቄው በዚህ ሞተ ብላችሁ ካሰባችሁ መድረክ አታውቁም። ባለሙያው ለእናትየዋና ለመሰሎቻቸው ያገለገለ ማሽን ሲገዛ ምን እንደሚታይ ጻፈ። የሲስተሙን ቁጥር እዩ። ሻጩ ፊት አጥፍታችሁ አስነሱት፤ ጌሞቹ አልከፈት ካሉ ክራክ ነው። የራሳችሁን አካውንት አስገቡ፤ የታገደ ከሆነ እዚያው ያሳውቃል። ኦሪጅናል ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና ማንበቡን ፈትኑ። አንዱ ከሥሩ፣ የሻጩን ስልክ ብቻ ሳይሆን ቤቱንም እወቁ ብሎ አከለ። አሽሙር ነው፤ ግን እውነት አለው።

መጨረሻ ላይ የጌም ቤቱ ባለቤት ተመልሶ መጣ። አሁን እሱ ቤት ያሉት ማሽኖች ሁሉም ባለ ኦሪጅናል ዲስክ ናቸው አለ፣ ትንሽ ኩራት ይዞት። መብራት በሄደ ቁጥር ኬብል ይዞ መሯሯጥ ሰልችቶት ነው የለወጣቸው። ክራክ ድሮ ቀረ አለ። ጠበቃው ወዲያው ደረሰበት። ኦሪጅናል ዲስክ የሚሸጠው ለቤት መጫወቻ ነው፤ በሰዓትና በጨዋታ እያስከፈሉ ለሕዝብ ማጫወት ፈቃዱ ውስጥ የለም። ለዚህ የተለየ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ባለቤቱ ከዚያ ወዲህ በሌላ ርዕስ ሥር ስለ ጆይስቲክ ዋጋ ሁለት ጊዜ ጽፏል። ለጠበቃው ግን እስካሁን አልመለሰም።